ሳላጸዳ የደረብኩት ክንፍ

ሰው የፋይበር ሥራ ሲባል ማጣበቅ ይመስለዋል። አይደለም፤ የፋይበር ሥራ ማጽዳት ነው። ማጣበቁን ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ሙጫ ራሱ ይሠራዋል፤ የሰው ድርሻ ሬዚኑ የሚያርፍበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ማራገፍ፣ መጥረግ፣ እንደገና ማሸት። ይህን ለሃያ ዓመት ያህል ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ፤ ብዙውን ጊዜ በቁጣ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የተሰነጠቀ ጀልባ፣ ፊቱ የተገጨ ባጃጅ ወይም የሚያፈስ የውሃ ታንከር ይዞ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው የኔን ጩኸት ነው። በጣትህ አትንካው እለዋለሁ። የሰው ጣት ላብ አለው፣ ላብ ውስጥ ቅባት አለ፣ ቅባት ባለበት ፋይበር አይዝም። ለጊዜው የያዘ ይመስላል። ክፋቱም እሱ ነው፤ አለመያዙ የሚታወቀው ጀልባው መሐል ሐይቅ ከገባ በኋላ ነው።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። በቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ያስተምራል። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ቆመው የሚያወሩት ዓይነት ሰው ነበር። እኔን መንገድ ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። በዚህ ተስማምተን ነው ያደግነው፤ እኔ እጣላለሁ፣ እሱ ያስታርቃል። ለምን አውሮፕላን መሥራት እንደፈለገ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቄው፣ አንተስ ጀልባ ለምን ትወዳለህ አለኝ። እኔ ጀልባ አልወድም። ጀልባ የምጠግነው ጀልባ ስለሚሰበር ነው።

ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት ነው አውሮፕላኑ የመጣው። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የውጭ አገር ሰው ተገጣጣሚ አውሮፕላን አስመጥቶ፣ ትንሽ ጀምሮ፣ ሳይጨርሰው ወደ አገሩ ሊመለስ መሆኑን ወንድሜ በሰው በሰው ሰማ። ምን ሸጦ እንደገዛው አልናገርም፤ ሚስት ቢኖረው ኖሮ ፈትታው ትሄድ ነበር። በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። ከሣጥኖቹ የወጣው ግን አውሮፕላን አልነበረም። ቱቦ፣ ገመድ፣ ብሎን፣ አንዲት ትንሽ ሞተር፣ ነጭ የፎም ብሎኮች፣ እንደ አቡጀዲ የተጠቀለለ የፋይበር ጨርቅ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም መመሪያ። ሰዉ አየት አየት አድርጎ ተበተነ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተው ፎሙን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና ይኸ ነው የሚበረው ብለው ጠየቁ። ወንድሜ አዎ አላቸው። አላህ ያግራው ብለው ሄዱ።

ያኔ እንዲህ ያለ ነገር መመኘት አያስነውርም ነበር። ከዚያ በፊት ቢሆን በግቢው አውሮፕላን የሚሠራ ሰው፣ ማን ላከህ ተብሎ ይጠየቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ይመርቃል። አንድ መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተመራ፣ ከዚያም ለሌላ ተመራ፤ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ደብዳቤው ብዙ አገር ዞረ። እኔ አሾፍኩ። ወንድሜ ግን ኮፒውን በላስቲክ ሸፍኖ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ልዋሽ አልፈልግም፣ እኔም ውስጤ ትንሽ አምኖ ነበር። በዚህ ከተማ አንድ ነገር ተጀምሮ ሲያልቅ የማይ መስሎኝ ነበር።

የምንሠራው በእናታችን ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ጎን ባቆምነው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። ብረቱና ሞተሩ የወንድሜ፣ ክንፉ የኔ። ክንፉ ውስጡ ፎም ነው። በፎሙ ላይ የፋይበር ጨርቅ ይነጠፍና በሬዚን ይርሳል፤ ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። ሰው የሚሸከመው ያ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ከለቀቀ ክንፍ የሚባል ነገር የለም፣ አየር ላይ ያለኸው በፎም ነው። ይህን ወንድሜ ከመመሪያው እያነበበ ሲነግረኝ፣ ለኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ አልኩት። በማግስቱ የለመድኩትን የጀልባ ሬዚን አምጥቼ በፎም ቁራጭ ላይ አፈሰስኩ። ፎሙ ተንጨረጨረና ቀለጠ፤ መሐሉ ላይ ጭብጥ የሚያህል ጉድጓድ ቀረ። ወንድሜ አልሳቀም። መመሪያውን ገልጦ አንድ መስመር አሳየኝ፤ ለፎም የሚሆነው ኢፖክሲ የሚባለው ሌላ ዓይነት ሬዚን ነው ይላል። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሥራ እንደ ለማጅ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ኢፖክሲው ከአዲስ አበባ በስንት ልመና በትንሽ በትንሽ ነበር የሚመጣው። ሬዚኑና ማጠንከሪያው በሚዛን ይደባለቃሉ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ከአንድ ቅመም ነጋዴ ሚዛን ተዋስን። ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል፤ ብጠርገው ብጠርገው አልለቅ ሲለኝ በላስቲክ ጠቀለልኩት። ወንድሜ፣ የኮረሪማ ሽታ ክንፍ ይጥላል እንዴ አለኝ። ይጥላል አልኩት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው ጉም ግቢያችን ድረስ ይገባል። በእርጥበት የደረቀ ኢፖክሲ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ላብ ያወጣል፤ ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ ጉሙን እስክትገፈው፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ፣ ምንም አንነካም። ቁጭ ብለን ጨርቅ እንቆርጣለን፣ ብዙም አናወራም።

ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንድሜ ሙሉ ቀን ነፃ ሆነ። ለሌላው ሰው ክፉ ጊዜ ነበር። ለኔ ግን ከኖርኩት ሁሉ ጥሩው እሱ ነው፤ ይህን ማለት ያሳፍረኛል ግን እውነት ነው። ጨርቁን እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን፣ ድሩ አግድም እንዲሄድ አድርገን ቀስ ብለን እናወርደዋለን። ሬዚኑን ሳፈስበት ነጩ ጨርቅ ነጭነቱን ያጣና ከሥሩ ያለው ወለል ብሎ ይታያል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አየር ታፍኗል ማለት ነው። ወንድሜ ጊዜው ባለፈበት የኮሌጅ መታወቂያው አየሩን እየገፋ ያወጣል። የራሱን ፎቶ በሬዚን ለቅልቆት ፊቱ እስኪጠፋ ድረስ በዚያ መታወቂያ ሠራን። የቀኙን ክንፍ ስንጨርስ ከዳር እስከ ዳር በሳንቲም ቆረቆርኩት። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ይዟል ማለት ነው። ወንድሜ ሳንቲሙን ተቀብሎኝ እሱም ቆረቆረ፣ ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አድርጎኝ አያውቅም።

እናታችን የተወለደችው አምባሰል ነው። በእሷ ወገን አዲስ ነገር ሁሉ ቅቤ ይነካል፤ የአዲስ ቤት መቃን፣ የሙሽራ ራስ፣ መጀመሪያ የሚጠመድ በሬ ግንባር። ዱዓ ይደረጋል፣ አሚን ይባላል፣ ከዚያ በቀኝ እጅ ቅቤ ይቀባል። ይህ ያልተደረገለት ነገር በረካ የለውም ባይ ናት። ሞተሩ የተገጠመ ቀን ቅቤዋን በሲኒ ይዛ መጥታ ነበር። ወንድሜ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቀ፤ እማ፣ እሱ የራሱ ዘይት አለው አላት። ሲኒዋን በነጠላዋ ሸፍና ተመለሰች። እኔ ደግሞ ወደ ዳሱ ብቅ ባለች ቁጥር እጮህባታለሁ፤ አትንኪ፣ አቧራ አታምጪ፣ እጅሽ ምን ነክቷል። በጩኸቴ ያላለፈ ሰው የለም፣ እናቴንም አልማርኳትም።

አሁን ወደ ግራው ክንፍ ልምጣ። የመጀመሪያውን ድርብ አንጥፈን ደርቋል፤ በላዩ ዋናው፣ ወፍራሙ ድርብ ሊመጣ ነው። የደረቀ ኢፖክሲ ያብለጨልጫል፣ በሚያብለጨልጭ ነገር ላይ ደግሞ ምንም አይዝም። ስለዚህ ሐሙስ ሙሉ ቀን፣ ዓርብም እስከ ጁምዓ ድረስ አሸሁት፤ ብልጭታው ሁሉ ጠፍቶ አመድ እስኪመስል። ብናኙ አንገቴ ውስጥ ገብቶ ሲያሳክከኝ ሰነበተ። አራገፍኩት፣ በቀረችኝ ስፒሪት በንጹሕ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ጠረግኩት፣ የታጠበ አንሶላ አለበስኩትና ወደ መስጊድ ሄድን። ከሶላት በኋላ ዘመድ ቤት ምሳ ተጠርተን ስለነበር ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ወደ ዳሱ አልገባንም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አንሶላውን ገለጥኩ። የሥራዬ ደንብ ትናንት ብትጠርግም ዛሬ ከማንጠፍህ በፊት እንደገና ጥረግ ይላል። በዚህ ደንብ ስንቱ ላይ ጮኼበታለሁ። ስፒሪቷ ግን አልቃለች፤ በዚያ ሰሞን የከተማው ስፒሪት ሁሉ ለእጅ ማጽጃ ሆኖ ከፋርማሲ ጠፍቷል። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ወንድሜ ሬዚኑን መዝኖ ደባልቆታል፣ የተደባለቀ ሬዚን ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ክንፉን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ምንም እድፍ የለበትም። ትንሽ የቅቤ ሽታ ሸተተኝ። ከቤት ይሆናል አልኩ፤ በእናቴ ግቢ ውስጥ ቅቤ ቢሸት ምን ይገርማል። ጨርቁን አነሳንና አነጠፍን።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አላስታውሰውም ማለት ይቀለኛል። ጦርነቱ ሲጀመር ሩቅ ነበር፤ በሬዲዮ የሚሰማ ነገር ነበር። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ወንድሜ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንገናኛለን። ከዚያ ጦርነቱ ቀስ እያለ ወደኛ መጣ። ወደ ግሸን ተጓዥ የጫኑ አውቶቡሶች የሚያልፉበት መንገድ ወታደር የጫኑ መኪኖች ይመላለሱበት ጀመር። በክረምት ከወልዲያ በኩል ፍራሽ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው በዛ። ጀልባ የሚያስጠግን ጠፋ። ወንድሜ ግን ክረምቱ አልፎ ከሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ ሲደርቅ ሊሞክረው ቆርጧል። ሁለት ሜትር ብነሳ ይበቃኛል ይላል፤ ሰማይ እንዲህ ሆኖ ማን አስነስቶ ያስቀምጥሃል ስለው አይሰማም። ሞተሩን በሳምንት አንድ ጊዜ ያስነሳዋል። ሞተሩ ሲጮህ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤት ይሮጡ ነበር። በኋላ ሽማግሌ ልከው ለመኑት፤ ያ ነጭ ክንፍ ከላይ ቢታይ ድሮን ነው ብለው ይጨርሱናል አሉ። በሸራና በገለባ ሸፈነው፤ ልሞክረው የሚለውን ግን አልተወም።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት የመጨረሻ ምርመራ የኔ ነበር። የቀኙን ክንፍ በሳንቲም ቆረቆርኩ፤ ጥርት ያለ ነው። ግራውን ጀመርኩ፤ ያኔ እንደደረቀ ቆርቁሬው የያዘ መስሎኝ ነበር። ከጫፉ መልካም ነበር። ወደ መሐል ስደርስ ድምፁ ድፍን አለ። ሳንቲሙን አዞርኩት። ድፍን ነው። አንድ ክንድ ተጓዝኩ፣ ሁለት ክንድ፣ ክንፉ ከአካሉ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ቅርፊቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባና መልሶ ወጣ። ውስጡ አልያዘም። ወንድሜ በዚህ ላይ ተቀምጦ ከመሬት ቢነሳ፣ ሁለት ሜትርም ቢሆን ሃያ፣ ወንድም የለኝም ማለት ነው። ሬዚኑ ነው አልኩ፤ ሬዚኑ አይደለም፣ የተረፈው ጠብታ ጽዋው ውስጥ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ጉሙ ነው አልኩ፤ ያን ቀን ፀሐይ ነበር። ምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

እናቴ የመጣችው ያኔ ነው። ሳንቲሙን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ፊቴን አይታ ስለ ወንድሜ የፈራሁ መሰላት፤ ስለሱም ነበር የፈራሁት። አጠገቤ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

"አብሽር ልጄ። እሱን ክንፍ እኔ ቀብቸዋለሁ። ጁምዓ ሄዳችሁ ሳለ ነው። አንተ እድፍ እንደማትወድ ስለማውቅ በሻሼ አሽቸ አሽቸ ምንም እንዳይታይ አድርጌዋለሁ። አይወድቅም። ለሱ ግን እንዳትነግረው፣ ይስቅብኛል።"

እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ተነሳችና ሄደች። ደስ ብሏት ነበር፤ ለረዥም ጊዜ በሆዷ ይዛው የቆየችውን ምሥጢር ለሚገባው ሰው ነግራ ነበር የሄደችው። እኔ እዚያው ቀረሁ። ቅቤው ጠብ ብሎ ቢቀር ኖሮ አየው ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ ብቻ ይለቅ ነበር። እኔን ፈርታ፣ ጩኸቴን ፈርታ፣ ከዳር እስከ ዳር በስሱ አዳርሳ፣ አሽታ አስገባችው። ሁለት ቀን አሽቼ፣ እንዲይዝ ብዬ የከፈትኩትን ሸካራ ቦታ ሁሉ በቅቤ ሞላችው። የተረፈውን ደግሞ እኔ ጨረስኩት፤ ሽታው እየሸተተኝ፣ ሳልጠርግ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ወንድሜን ማስቆም አለብኝ፣ በዚህ ላይ ጥያቄ የለም። ጥያቄው ምን ብዬ ነው የሚለው ነበር። እውነቱን ብነግረው አይቆጣትም፤ እሱ እንደኔ አይደለም። ይስቅ ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ ሄዶ ያቅፋታል። ሲያቅፋት ታውቃለች። ልጇን በገዛ እጇ፣ በዱዓዋ፣ በበረካዋ ልትጥለው እንደነበር ታውቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያቺ ሴት የቀራት ነገር ቢኖር እጇ የነካው ነገር ይባረካል የሚል እምነት ነው። ይህን መንጠቅ አልቻልኩም። ደግነት ነው ልል አልፈልግም። ፈሪነትም አለበት፤ እሷን እንዲህ ያስፈራት የኔ ጠባይ መሆኑ እንዲነሳ አልፈለግሁም።

በአራተኛው ቀን ወንድሜን ወደ ዳሱ ጠርቼ ሳንቲሙን ሰጠሁት። ቆረቆረ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት።

"አልያዘም" አልኩት። "ሳላጸዳ ነው የደረብኩት።"

"አንተ?" አለኝ። "አንተ ሳታጸዳ?"

አዎ አልኩት። ውሸት አይደለም። ቃሉ እውነት ነው፤ ሳላጸዳ ነው የደረብኩት። ግን በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የዚያን ያህል የከበደኝ የለም። ወንድሜ ብዙ አየኝ። ቢጮህብኝ ደስ ባለኝ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ አውቀህ ነው ወይስ ረስተህ ነው ብቻ አለኝ። ስፒሪት አልቆብኝ ነበር አልኩት። ስፒሪት አልቆብህ ነበር፣ ብሎ ቃሌን መልሶ ለራሱ አለውና ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ልጦ እንደገና ማንጠፍ ይቻል ነበር፤ በምን? የቀረን ኢፖክሲ አንድ ሲኒ አይሞላም፣ ጨርቁ አልቋል፣ ኢፖክሲውን የሚልክልን የአዲስ አበባ ነጋዴ ስልክ አያነሳም፣ ዕቃ የሚጭን መኪና ወደኛ አቅጣጫ አይመጣም። ነገሩ ሲረጋጋ እንሠራዋለን ልለው ተከትዬው ሄድኩ። ነገሩ እንደማይረጋጋ ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር ሳልለው ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። ቢያጣላን ይሻል ነበር፤ የሚያስታርቀን ሰው ግን እሱ ራሱ ነበር። ሰላምታ ይሰጠኛል፣ ምሳ አብረን እንበላለን፣ ስለ ሥራ ግን አያወራኝም። ባጃጅ ሊያስጠግን የፈለገ ጓደኛው መጥቶ ወንድምህ ጋ ልውሰደው ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ደሴ ብትወስደው ይሻልሃል ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ስም በዚያች ቃል አለቀ። ልናገር አፌን የከፈትኩባቸው ቀናት አሉ። እናቴ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል አያትና አፌን እዘጋለሁ።

ክተት ሲታወጅ ወንድሜ ተመዘገበ። መምህር ነው፣ ዕድሜውም ገፍቷል፤ ማንም አላስገደደውም። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። እኔ ደግሞ አንተ ጠመንጃ መፍታት እንጂ መተኮስ አታውቅም አልኩት። መፍታት የሚያውቅም ይፈለጋል አለኝ። የሄደው ለአገሩ ነው ይላሉ፣ ይሆናል። እኔ የማስበው ሌላ ነው። በየቅዳሜው የሚሄድበት፣ እስከ ክረምቱ መውጫ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበረው፤ እሱን ከእጁ አወጣሁበት። ያ ክንፍ ደህና ቢሆን ኖሮ አይሄድም ነበር። ወይም ይሄድ ነበር። አላውቅም፤ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። የሄደ ዕለት ጠዋት እናቴን አቅፎ፣ እኔን ጨብጦ፣ በር ላይ ለነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ ደህና ሁኑ ብሎ ነው የወጣው። ለኔ ከጎረቤት የተለየ ነገር አላለኝም።

የሞተው ከውጫሌ በላይ ነው፣ እናቴ በተወለደችበት አገር፣ ከብት በጠበቀችበት ተራራ ሥር። ይህን የሰማነው ግን ከተማችን ተይዞ፣ ወደ ደሴ ሸሽተን፣ ደሴም ስትያዝ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ፊት ሸሽተን፣ በሰው አገር ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከሰባት ቤተሰብ ጋር ተደርድረን በተኛንበት ቦታ ነው። አብሮት የነበረ አንድ የሐይቅ ልጅ ፈልጎ አገኘን። ፈጥኖ ነው ያለፈው አለ፤ ሁሉም እንዲህ ይላሉ። እዚያው ቀብረውታል፣ ቦታውን በደንብ አያስታውሰውም። እናቴ አላለቀሰችም። ኢንና ሊላህ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልናገር፤ እኔን ሰነፍ ሠራተኛ ነው ብሎ አምኖ ሞተ ብዬ ነው ያሰብኩት። ለወንድሜ ሞት የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ መሆኑን አልረሳውም።

ከተማዋን የያዙት ሲለቁ ተመለስን። የቤቱ በር ተነቅሏል፣ እህሉ የለም፣ የዳሱ ቆርቆሮ ተወስዷል። ሞተሩም የለም። ክንፎቹ ግቢው መሐል ወድቀዋል፤ ምን እንደሆኑ ያላወቀ ሰው ውስጣቸውን ለማየት በመጥረቢያ ፈልጧቸዋል። ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ወደ ቀኙ ክንፍ ሄድኩ። የተሰበረውን የቅርፊት ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ በሙሉ ጉልበቴ ጎተትኩት። ፎሙን ቦጭቆ ይዞ መጣ እንጂ አልለቀቀም። ትክክለኛ ሥራ ማለት ይህ ነው፤ የሚሰበረው ሌላው ነው፣ የተያያዘው ቦታ አይደለም። ይህን አይቶ የሚያውቅልኝ አንድ ሰው ነበር። ቁራጩን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ለወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

የግራው ክንፍ የላይኛው ድርብ ግን ሙሉ ለሙሉ ተገፎ ለብቻው ተኝቷል፣ ሰፊ ቆዳ ይመስላል። ከሥሩ ያለው እኔ ያሸሁት አመድማ ፊት እንዳለ ነው፣ ጭረት እንኳ የለውም። እናቴ መጥታ በላዩ ቆመች። ከሽሽቱ ወዲህ ጎብጣ ነበር። የተገፈፈውን ቅርፊት በእግሯ ነካ አደረገችው።

"ይኸ ያ የቀባሁት አይደለም?"

እሱ ነው አልኳት።

"ታዲያ ያኛው ይዞ ሳለ፣ ይኸ ምነው ለቀቀ?"

አስቤ የመለስኩት አይደለም። ለወንድሜ ያልኩትን ቃል ነው ያልኳት፤ እኔ ነኝ እማ፣ ሳላጸዳ ነው የደረብኩት አልኳት። ክንፉን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

"እንግዲያው ልጄን ከዚህ ነቅሎ የወሰደው ይኸ ነው" አለች። "ይሁን። እኔ አውፍ ብየሃለሁ ልጄ፣ ይቅር ብየሃለሁ። እሱም ባለበት አውፍ ይበልህ።"

ሁለት እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። አሚን አልኩ፤ ዱዓ ላይ ሌላ ነገር አይባልም።